ለሎው ኢንካም አፓርትመንት የት እንመዝገብ? ከሲልቨር ስፕሪንግ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በዲቪ ከመጣን ሦስት ዓመት ሆኖናል። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት እንኖራለን። እኔ በአረጋውያን መንከባከቢያ ተቀጥሬ በዓመት 36 ሺህ ዶላር አገኛለሁ። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል፤ በዓመት 58 ሺህ ቢያስገባም ታክስ ስንሠራ የሚቀረው 24 ሺህ ነው። ኪራያችን 1,850 ዶላር ነበር፤ ሊዙ ሲታደስ 2,000 እንደሚሆን የሚገልጽ ደብዳቤ ደርሶናል። ሎው ኢንካም አፓርትመንት አለ ይባላል፤ ግን አንዱ ‹ዐሥር ዓመት ትጠብቃላችሁ› ሲለን ሌላው ‹ግሪን ካርዳችሁን ያበላሽባችኋል› ይለናል። እውነቱ ምንድን ነው? የት እንመዝገብ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ስለ አዲስ ቤት ከማውራታችን በፊት የደረሰዎትን ደብዳቤ እንመልከት፤ ምክንያቱም ጭማሪው ሕገ ወጥ ሊሆን ይችላል። ከ1,850 ወደ 2,000 ማሳደግ ማለት ከ8 በመቶ በላይ መጨመር ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኝበት፣ በሜሪላንድ ያለው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት በ2023 ያወጣውና ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የኪራይ ሕግ ዓመታዊ ጭማሪውን በዋጋ ንረቱ ላይ 3 በመቶ በመደመር ይወስነዋል፤ ድምሩ ምንም ያህል ቢሆን ደግሞ ከ6 በመቶ ማለፍ አይችልም። ስለዚህ ሕንፃዎ በሕጉ የሚሸፈን ከሆነ አከራይዎ ሊጠይቁ የሚችሉት ቢበዛ 1,961 ዶላር ነው። ከተሠሩ 23 ዓመት ያልሞላቸው ሕንፃዎችና ከሁለት ያልበለጡ ቤቶችን የሚያከራዩ ግለሰቦች ከሕጉ ውጪ ናቸው። የጭማሪው ማስታወቂያም ከ90 ቀን በፊት በጽሑፍ መድረስ አለበት። ወደ ካውንቲው የመረጃ ስልክ 311 ደውለው አማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁና የአከራይና ተከራይ ጉዳዮች ቢሮ እንዲያገናኙዎት ያድርጉ፤ የሕንፃውን አድራሻ ሲነግሯቸው ሕጉ ይመለከተው እንደሆነና እንዳልሆነ ይነግሩዎታል። መልሱን ሳይሰሙ አዲሱን ሊዝ አይፈርሙ። በወር አርባ ዶላር ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የሚቀጥለው ዓመት ጭማሪ የሚሰላው ዘንድሮ በፈረሙት ኪራይ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። በእኛ ማኅበረሰብ «ሎው ኢንካም» ሲባል በአንድ ስም የሚጠሩት ነገሮች በአሠራራቸው ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው፤ ለእርስዎ የሚሰጠው ምክር እርስ በርሱ የሚጋጨውም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ዐሥር ዓመት ትጠብቃላችሁ ያለዎት ሰው የተናገረው ሴክሽን ኤይት ስለሚባለው ቫውቸር ነው። በቫውቸር ቤተሰቡ ከተስተካከለው ገቢው 30 በመቶ ገደማ ለኪራይ ይከፍላል፤ ቀሪውን መንግሥት ለአከራዩ ይከፍላል። ገቢ ሲቀንስ ኪራዩም ስለሚቀንስ ከሁሉም የላቀ እርዳታ ነው፤ ወረፋው የሚረዝመውም ለዚሁ ነው። የዋሽንግተን ዲሲ የቤቶች ባለሥልጣን በሚያዝያ 2013 የተጠባባቂ ዝርዝሩን ለአዲስ ተመዝጋቢ ሲዘጋ በላዩ ላይ ከ70 ሺህ የሚበልጥ ስም ነበረበት።

ለእርስዎ ቤተሰብ ግን ከወረፋው ርዝመት የከፋ አንድ እንቅፋት አለ። የፌዴራል ሕግ በየዓመቱ ከሚሰጡት አዲስ ቫውቸሮች ሦስት አራተኛው እጅግ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች እንዲሆን ያዛል። በ2024 በዋሽንግተን አካባቢ ለአራት ሰው ቤተሰብ ይህ ጣሪያ 46,400 ዶላር ነበር፤ የእርስዎና የባለቤትዎ የተጣራ ገቢ ግን 60 ሺህ ነው። በሕጉ መሠረት ማመልከት ይችላሉ፤ የሚወዳደሩት ግን ለቀሪው አንድ አራተኛ ነው። የሞንትጎመሪ ካውንቲ የቤቶች ኮሚሽን ሃውሲንግ ፓዝ የሚባለው የኢንተርኔት ምዝገባ ክፍት ስለሆነና ምንም ስለማያስከፍል ዛሬውኑ ይመዝገቡ፤ ከተመዘገቡ በኋላ ግን ቫውቸሩ ይመጣል ብለው የቤት ፍለጋዎን አያዘግዩ።

የእርስዎን የገቢ ደረጃ በተለይ የሚመለከተው ታክስ ክሬዲት የሚባለው ቤት ነው። በ1986 በወጣው የፌዴራል ታክስ ማሻሻያ ሕግ የተፈጠረ ሲሆን፣ መንግሥት ገንዘቡን ለተከራዩ ሳይሆን ለገንቢው በታክስ ቅናሽ መልክ ይሰጣል፤ ገንቢውም በምላሹ የተወሰኑ ቤቶችን ቢያንስ ለ30 ዓመት ገቢያቸው ከተወሰነ ጣሪያ በታች ለሆነ ቤተሰቦች በተገደበ ኪራይ ለማከራየት ግዴታ ይገባል። ማዕከላዊ የተጠባባቂ ዝርዝር የለውም። እያንዳንዱ ሕንፃ የራሱን ዝርዝር ስለሚይዝ አንዱ ጋ ሁለት ዓመት የሚያስጠብቀው ቤት ሌላው ጋ በሁለት ወር ሊገኝ ይችላል። ከውጭ ሲያዩት ከማንኛውም አፓርትመንት አይለይም፤ ብዙ ወገኖቻችን በየቀኑ በደጁ እያለፉ የማያውቁትም በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ቁጥሮቹን በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ደረጃ ላይ ነውና። ጣሪያው የሚሰላው ከአካባቢው መካከለኛ የቤተሰብ ገቢ ሲሆን፣ ይህ ገቢ በ2024 ለአራት ሰው 154,700 ዶላር ነበር። ዲሲ፣ ሞንትጎመሪ፣ ፕሪንስ ጆርጅስ፣ አርሊንግተን፣ አሌክሳንድሪያና ፌርፋክስ ሁሉም በዚሁ ቁጥር ይሠራሉ። የ60 በመቶው ጣሪያ 92,820፣ የ50 በመቶው ደግሞ 77,350 ዶላር ስለሆነ የእርስዎ ቤተሰብ በሁለቱም በኩል ብቁ ነው። ኪራዩ ግን የሚተመነው በእርስዎ ገቢ ሳይሆን በጣሪያው ነው፤ በዚያው ዓመት ስሌት የባለ ሁለት መኝታ ከፍተኛ ኪራይ መብራትና ጋዝን ጨምሮ በ60 በመቶው 2,090 ዶላር ገደማ፣ በ50 በመቶው 1,740 ገደማ ይሆናል። መብራቱን ራስዎ የሚከፍሉ ከሆነ የዚያ ግምት ከኪራዩ ላይ ይቀነሳል።

አሁን ደግሞ የጣሪያው ተቃራኒ የሆነውን ወለል ይመልከቱ። አከራዮች ገቢዎ ከጣሪያው በታች መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ኪራዩን የመክፈል አቅም እንዳለዎትም ይመዝናሉ። ለምሳሌ ገቢዎ የኪራዩን ሁለት እጥፍ ተኩል እንዲሆን የሚጠይቅ ቢሮ ቢያጋጥምዎ፣ ለ2,090 ዶላሩ ቤት በዓመት 62,700 ያስፈልግዎታል፤ እርስዎ 60 ሺህ ስላለዎት «ገቢዎ አነስተኛ ነው» ተብለው ይመለሳሉ። ለዝቅተኛ ገቢ ተብሎ በተሠራ ቤት ገቢ አንሶ መመለስ የሚያበሳጭ መሆኑን አልክድም። ለ1,740 ዶላሩ ቤት ግን የሚፈለገው 52,200 ስለሆነ ያለ ችግር ያልፋሉ፤ ያውም አሁን ለአንድ መኝታ ከሚከፍሉት ባነሰ ኪራይ ሁለት መኝታ ያገኛሉ። ስለዚህ ስልክ ሲደውሉ «ሎው ኢንካም ቤት አላችሁ ወይ?» ብለው አይጠይቁ። «ታክስ ክሬዲት ባለ ሁለት መኝታ በ50 በመቶ ወይም ከዚያ በታች አላችሁ? ዝርዝሩ ክፍት ነው? ዝቅተኛው የገቢ መጠን ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ከ2018 ጀምሮ አንዳንድ ሕንፃዎች እስከ 80 በመቶ የሚደርሱ ቤቶችንም ስለሚያካትቱ በስሙ ብቻ ተማምነው ቢሄዱ ኪራዩ ከገበያው ብዙም የማይለይ ቤት ሊያሳዩዎት ይችላሉ።

የዚህ ሥርዓት ዋና ጉድለት ኪራዩ ከአካባቢው ገቢ ጋር አብሮ ማደጉ ነው። መካከለኛው ገቢ በ2025 ወደ 163,900 ከፍ ሲል የእርስዎ ደመወዝ ባይጨምርም የኪራዩ ጣሪያ በዚያው መጠን ወጥቷል። በጎ ጎኑ ደግሞ አንዴ ከገቡ በኋላ ባለቤትዎ የተሻለ ሥራ ቢያገኙና ገቢያችሁ ቢያድግ በዚህ ምክንያት አትባረሩም።

ሞንትጎመሪ ከ1974 ጀምሮ የሚሠራበት ሌላም ፕሮግራም አለው፤ በአጭሩ ኤምፒዲዩ ይባላል። 20 እና ከዚያ በላይ ቤት የሚገነባ ኩባንያ ቢያንስ 12.5 በመቶውን ለመካከለኛና ዝቅተኛ ገቢ በተመጣጠነ ዋጋ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ለሚገዛ ሰው ስልጠናና ዕጣ አለበት፤ ለሚከራይ ግን በቀጥታ ወደ ሕንፃው ሊዚንግ ኦፊስ ሄዶ ማመልከት ይበቃል። ቤቶቹ በአብዛኛው አዳዲስና ለሜትሮ ባቡር የቀረቡ ናቸው። የገቢ ጣሪያው ከ60 በመቶው ከፍ ስለሚል ኪራዩም በዚያው ልክ ከፍ ይላል፤ ለእርስዎ ሁለተኛ ምርጫ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ያለችው ታኮማ ፓርክ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የራሷ የኪራይ ቁጥጥር ስላላት፣ እዚያ የሚገኙ ያረጁ ሕንፃዎች ምንም ዓይነት የገቢ ማስረጃ ሳይጠይቁ በተመጣጣኝ ኪራይ ሊገኙ ይችላሉ።

ወደ ሌላው ወገን መሻገር ከፈለጉ፣ ዲሲ ውስጥ ኢንክሉሲቭ ዞኒንግ የሚባለው ፕሮግራም በመጀመሪያ የማስተዋወቂያ ትምህርት ወስዶ መመዝገብን፣ ከዚያም ዕጣ መጠበቅን ይጠይቃል። ግንባታቸው ከ1976 በፊት የሆኑ ብዙ የዲሲ ሕንፃዎች በኪራይ ቁጥጥር ሥር ናቸው። በ2004 የወጣው የከተማዋ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከማኅበረሰባችን ጋር በአማርኛ እንዲግባቡ ስለሚያስገድድ፣ እንግሊዝኛ አልችልም ብለው ወደ ኋላ አይበሉ። ቨርጂኒያ የኪራይ ቁጥጥር የላትም። በኮሎምቢያ ፓይክ ዙሪያና በአሌክሳንድሪያ ግን ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች የሚያስተዳድሯቸው በርካታ ታክስ ክሬዲት ሕንፃዎች አሉ፤ የአርሊንግተን ካውንቲም ልጅ ላላቸው ሠራተኛ ቤተሰቦች፣ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች የራሱ የኪራይ ድጎማ አለው። ይህ ድጎማ ከቫውቸሩ የተለየ ስለሆነ ገቢያቸው ከእርስዎ ያነሰ ዘመዶችዎ እዚያ ካሉ ይንገሯቸው።

ሕንፃዎቹን ለማግኘት ኤምዲ ሃውሲንግ ሰርችና ዲሲ ሃውሲንግ ሰርች የሚባሉትን የኢንተርኔት ማውጫዎች ይጠቀሙ። ከማውጫው ይልቅ የባለቤቶቹን ድርጅቶች መከታተል የተሻለ ውጤት እንደሚያስገኝ ግን በሥራዬ አይቻለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኘው ሞንትጎመሪ ሃውሲንግ ፓርትነርሺፕ፣ የካውንቲው የቤቶች ኮሚሽንና በቨርጂኒያ በኩል አፓ፣ ቀድሞ ኤኤችሲ ይባል የነበረው ትሩ ግራውንድና ዌስሊ ሃውሲንግ እያንዳንዳቸው ብዙ ሕንፃዎች ስላሏቸው በአንድ ስልክ ስለ ብዙ አድራሻ መጠየቅ ይቻላል። አዲስ ሕንፃ ሲገነባ ካዩ አጥሩ ላይ የተለጠፈውን ስልክ ይመዝግቡና ከመከፈቱ ከወራት በፊት በፍላጎት ዝርዝሩ ይግቡ። ያረጀ ሕንፃ በዓመት ጥቂት ቤት ብቻ ይለቃል፤ አዲሱ ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማከራየት አለበት። በዓመት ውስጥ ሰው ሳይሰለፍ የሚገባባት አጭር ጊዜ ብትኖር እሷ ናት።

ቤቱ ሲገኝ የሚያዘገየው ወረቀት ነው። የእርስዎ ደመወዝ ቀላል ነው፤ በቅርብ ወራት የተሰጡ ተከታታይ ፔይ ስታቦችና የአሠሪዎ ማረጋገጫ ይበቃሉ። የባለቤትዎ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የኡበር ሹፌር ገቢ የሚታየው ከጠቅላላው ሳይሆን በታክስ ወረቀቱ ሸጁል ሲ ላይ ከወጪ በኋላ ከቀረው ነው፤ ስለዚህ ማመልከቻው ላይ 58 ሺህ ብለው ሞልተው የታክስ ወረቀቱ 24 ሺህ ካለ ፋይሉ በጥርጣሬ ይቆማል። ያለፈውን ዓመት ታክስ ሙሉ ቅጂ፣ 1099 የሚባለውን ወረቀትና የዘንድሮውን ገቢና ወጪ የሚያሳይ አጭር ዝርዝር አዘጋጅተው ይያዙ። ወጪን አብዝቶ መሙላት ታክስን ቢቀንስም ቤት ሲፈለግ በወለሉ በኩል ያስመልሳል፤ ይህን ከሒሳብ ሠራተኛችሁ ጋር ታክሱ ከመሞላቱ በፊት መነጋገር ይገባል።

የባንክ መግለጫችሁንም ይጠይቃሉ። እቁብ የምትጥሉ ከሆነና በቅርቡ ደርሷችሁ ዐሥር ሺህ ዶላር በአንድ ቀን ከገባ፣ ገምጋሚዋ ያልተገለጸ ገቢ አድርጋ ልትቆጥረው ትችላለች። የእቁቡ ሰብሳቢ ስንት ሰው እንዳለ፣ በየወሩ ስንት እንደሚጣልና ገንዘቡ የራሳችሁ ቁጠባ መሆኑን የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ እንዲሰጡ ያድርጉ፤ በየወሩ የጣላችሁት ገንዘብ ከባንክ ወይም በዜል የወጣ ከሆነ ማስረጃው የበለጠ ይጠነክራል። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ካላችሁም አትደብቁ። በታክስ ክሬዲት ሕንፃ ንብረት አላችሁ ተብሎ ብቻ አትከለከሉም፤ ከኪራዩ የምታገኙት ገቢ ግን ይቆጠራል። ለወላጅ የሚላከው ገንዘብ በአንጻሩ ከገቢ አይቀነስም፤ ፍትሐዊ ባይሆንም ሕጉ እንደዚያ ነው።

ክሬዲት መጥፎ መሆንና ክሬዲት አለመኖር አንድ አይደሉም። ሦስት ዓመት ኪራይ በጊዜው መክፈላችሁን የሚያሳይ የአከራይ ደብዳቤ የክሬዲት ታሪክ ላጠረው ቤተሰብ ትልቅ ዋጋ አለው፤ ስለዚህ ከአሁኑ አከራያችሁ ጋር በጭማሪው ብትከራከሩም በጽሑፍና በትሕትና ይሁን። የማመልከቻ ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት የመመዘኛቸውን ዝርዝር በጽሑፍ ጠይቁ። በሜሪላንድ ከጥቂት ቤቶች በላይ ያለው አከራይ ከ25 ዶላር በላይ ካስከፈለ ያልተጠቀመበትን መመለስ ይኖርበታል፤ ዲፖዚቱም ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም።

ስለ ግሪን ካርዱ የተነገራችሁ ፍርሃት ለእናንተ አይሠራም። በዲቪ የመጣ ሰው ቋሚ ነዋሪ ስለሆነ ለቫውቸርም ሆነ ለመንግሥት ቤት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ብቁ ነው፤ አምስት ዓመት መጠበቅ የሚያስፈልገው ለሌሎች እርዳታዎች እንጂ ለቤት አይደለም። የታክስ ክሬዲት ቤት ደግሞ ከነጭራሹ የፌዴራል የስደት ሁኔታ መስፈርት የለውም። ዜግነት ሲጠየቅም «የመንግሥት ሸክም» የሚባለው፣ ሰው በመንግሥት እርዳታ ላይ ጥገኛ መሆኑን የሚያየው መመዘኛ አይነሣም። ግሪን ካርድ ገና በማመልከት ላይ ያለ የቤተሰብ አባል ካለ፣ ወይም ከስድስት ወር በላይ አገር ቤት ለመቆየት ካሰባችሁ ግን ከመሄዳችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።

«ገንዘብ ስጡኝ፣ ዝርዝር ውስጥ አስገባችኋለሁ» የሚል ወገን ቢያጋጥማችሁ ጆሮ አትስጡት፤ የቫውቸር ምዝገባ የትም ቦታ ክፍያ የለውም። ከዚያ የሚብሰው ግን «ባልሽ እንደተለየሽ አድርገሽ ሙዪ» የሚለው ምክር ነው። በእናንተ ቁጥር ይህ ውሸት አያስፈልግም፤ ከተደረሰበት ደግሞ ቤት ከማስለቀቅ አልፎ በማጭበርበር ያስከስሳል፤ እሱ ደግሞ በዜግነት ማመልከቻ ላይ የሚጠየቅ ነገር ነው። ከገባችሁ በኋላም ወጪ ለመጋራት ደባል ማስገባት ክልክል ነው። አያቶች ልጅ ለመጠበቅ ለስድስት ወር ሲመጡ እንኳ ብዙ ሊዞች የእንግዳን ቆይታ በቀናት ስለሚገድቡ ከመምጣታቸው በፊት ቢሮውን በጽሑፍ አስፈቅዱ።

የተመዘገባችሁበትን ሕንፃ ሁሉ ስም፣ ቀንና የሰጧችሁን ቁጥር በአንድ ደብተር ጻፉ። ከዝርዝር የሚሰረዘው ብዙ ሰው ብቁ ስላልሆነ ሳይሆን በአሮጌ አድራሻ ለተላከ ደብዳቤ በተሰጠው ቀን ውስጥ ስላልመለሰ ነው። ስልክ ወይም አድራሻ በቀየራችሁ ቁጥር ለእያንዳንዱ ቢሮ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ኢሜይሉንም ከሁለታችሁ በየቀኑ የሚከፍተው ሰው ስም አስመዝግቡ። ቢሮው ሲጠራችሁ የሚቀርበው የገቢ ማስረጃ በአብዛኛው ከ120 ቀን ያላለፈ መሆን ስላለበት ፔይ ስታቡንና የባንክ መግለጫውን በየሦስት ወሩ አድሳችሁ ያዙ።